በቅርቡ ከቤታችን የሚጠፋው ዕቃ የቱ ነው? ወሎዎች ግቡና ተከራከሩ

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን የሀገሬ ሰዎች።

ሥራዬ ስልክ፣ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነው። ስለዚህ የትኛው ዕቃ ሊሞት እንደተቃረበ ቀድሜ አውቃለሁ። ሬሳው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዛሬ በየቤታችን ካለው ዕቃ ውስጥ በቅርቡ ልጆች «ይሄ ደግሞ ምን ነበር?» የሚሉት የቱ ነው? ፈረንጆቹ የሚያወጡትን ዝርዝር አንብቤያለሁ። የመኪና ቁልፍ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የባንክ ካርድ ይላሉ። ይበሉ። ኩታበርና ወረኢሉ ላለ ሰው ግን ያ ዝርዝር ብዙም አይጠቅምም።

በኔ ግምት መጀመሪያ የምትሄደው የምትፋቀው የሞባይል ካርድ ናት። በሳንቲም ፍቀን፣ *805* ብለን ቁጥሯን ስንጽፍ አንዷ አብራ ተፍቃ ስንቱን አበሳጭታለች! ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ካርድ በስልክ ነው የሚሞላው። ወረቀቷን ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ መዞር ሆኗል።

ቀጥሎ ማይክሮ የምንለው ቻርጀር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ስልክ ሁሉ በታይፕ ሲ እንዲሞላ አስገድዷል። አፕል እንኳ ከአይፎን 15 ጀምሮ እጁን ሰጥቷል። ሕጉ የነሱ ነው፤ ፋብሪካው ግን ለደሴ ብሎ ለብቻ አይሠራም። ርካሾቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ለጊዜው በማይክሮ ይቀጥላሉ፣ እነሱም ይከተላሉ።

ዲቪዲ ማጫወቻም አለ። ሌንሱ ሲደክም የሚተካለት ሌንስ ከገበያ እየጠፋ ነው። አሁን የምሠራው ሁለቱን አፍርሼ አንድ በማውጣት ነው።

የኔ መለኪያ ቀላል ናት። አዲስ ነገር መምጣቱ ብቻውን አሮጌውን አይገድለውም። መለዋወጫው ሲያልቅ፣ ጠጋኙ ሲሞት፣ ወይም ቢሮውና ሱቁ «በዚህ አንቀበልም» ሲል ያኔ አበቃለት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሸዋበር (ደሴ)

ዲቪዲ ማጫወቻ ገና ይጠፋል ትላለህ እንዴ? እኛ ቤት የቴሌቪዥን እግር ከሆነ ቆየ።

ሚሞሪ የሚጭኑ ቤቶችን ግን ዘለልካቸው። ሚሞሪህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ልጁ «ምን ልጫንልህ? አዲስ፣ የድሮ፣ መንዙማ፣ መዝሙር?» ይልሃል። ቲክቶክና ዩቲዩብ እያለ ማን ይሄዳል? አዲሶቹ ስልኮች እኮ ብዙዎቹ የሚሞሪ ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። ያ ሥራ አልቆለታል። ፋራ አትሁኑ።

የወልድያው (ወልድያ)

ሸዋበር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የት ነበርክ? ከ2015 ክረምት እስከ 2016 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ አልነበረም። ያን ጊዜ ቲክቶክህ የስክሪን ጌጥ ነበረች። ሠርግ ያለበት ሰው ዘፈን ያገኘው ከነዚያ ሚሞሪ ቤቶች ነው። ፊልሙም ከዚያው። እኛ ተማሪዎች መጽሐፉን በፒዲኤፍ፣ የድሮ ፈተናውን በፎቶ፣ ሁሉንም በፍላሽና ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ተቀባብለን ነው ያነበብነው። አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ያለው ልጅ ያኔ እንደ ቤተ መጻሕፍት ነበር የሚታየው።

አልቋል ያልከው ሥራ በዚያ ዓመት ወረፋ ነበረው። ፍላሽ ይጠፋል የምትሉም ቀስ በሉ። ሾርትከት ቫይረሱ ግን ይጥፋልን።

ሸዋበር (ደሴ)

እሺ በዚህስ ተረታሁ። ግን አሁን ዳታ አለ።

የወልድያው (ወልድያ)

ዛሬ አለ።

ባቲ ሰኞ (ባቲ)

ሁላችሁም ስለ ስልክ ታወራላችሁ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ብር ላውራ።

የባንክ ደብተር ይጠፋል። የቀበሌ ካርቶን መታወቂያም ይከተለዋል፤ ባንኩ አሁን ፋይዳ አምጣ ነው የሚለው። ቼክ ከትልልቆቹ ነጋዴዎች በቀር የሚይዘው የለም። ጥሬ ብር ይጠፋል የሚለኝን ሰው ግን ሰኞ ባቲ ገበያ ይምጣና ይይ እለዋለሁ። ከአፋር የመጣው ሰው ግመሉን ሸጦ፣ ብሩን ቆጥሮ፣ ሽርጡ ላይ ቋጥሮ ነው የሚሄደው። ስልክ የለውም ብላችሁ እንዳታስቡ። አለው፤ አንዳንዱ ቴሌብርም አለው። የሚመለስበት መንገድ ላይ ግን ኔትወርክ የለም፣ ወኪልም የለም። እዚያ ሲደርስ በምን ሊገበያይ ነው?

ደግሞ 2014ን አንርሳ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። በሒሳቡ ብዙ ብር ያለውና ምንም የሌለው ሰው እኩል ሆኑ። ጤፍ የገዛው ፍራሹ ሥር ጥቂት ብር የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ትንሽ ጥሬ ብር የማያስቀምጥ ነጋዴ አላውቅም። ኋላ ቀር ነው አትበሉት፤ ያየውን አይቶ ነው።

ይልቅ የሚጠፋውን ልንገራችሁ። «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ጨዋታ ነው። ሁለት ብር መልስ ሲያጥር በማስቲካና በከረሜላ የሚመልስ ባለሱቅ ነበር። አሁን ልጁ በስልኩ ልክ ያህሉን ይልካል። ማስቲካው ቀረ። ይሄንን ለውጥ በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ጥርሴም ያመሰግናል።

ከጅዳ (ጅዳ)

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ከጅዳ ነኝ፣ ሀገሬ ወረባቦ ነው።

ባለ ቁልፍ ስልክ ይጠፋል እንዳትሉኝ በአላህ እለምናችኋለሁ። እናቴ ያለችው ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ተች ስልክ ገዝቼ ልኬላት ነበር። በእርሻና በእንጨት የደረቀ ጣቷን አልሰማ አለ። አንዴ ትነካዋለች ዝም፣ ሁለቴ ትነካዋለች ያልፈለገችውን ይከፍታል። በዚያ ላይ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። ባለ ቁልፏ ግን አንዴ ከሞላች ቀናት ትቆያለች። አሁን ተቹ የወንድሜ ሆኗል።

በኢሞ የምንተያየው እሱ እርሻ ውሎ ሲመለስ ነው። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። «እኔንም አሳያት፣ እኔንም» ነው። ምሥጢር የሚባል ነገር የለንም።

የሚጠፋው ሚስኮል ነው ባይ ነኝ። እኔና እናቴ ስምምነት ነበረን። አንድ ጊዜ ጠርታ ከዘጋች ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ደውይልኝ። አንድ ሳንቲም ሳይነካ ስንት ዓመት አወራንበት! ታናሽ እህቴ ይሄንን ስነግራት ትስቃለች። እሷ የድምፅ መልእክት ትልካለች፣ ቁጭ ብላ አሥር ደቂቃ።

የድምፅ መልእክትም እኮ አዲስ አይደለም። ከኛ በፊት ዓረብ ሀገር የነበሩት ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው በሰው ይልኩ ነበር። አክስቴ የላከችው ካሴት ዛሬም ቤት ተቀምጧል። የሚያጫውተው ቴፕ ግን የለም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እህቴ አብሽሪ። የእናትሽ ስልክ ከብዙ ስማርት ስልኮች በላይ ዕድሜ ሊኖራት ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ቁልፉ የሚሠራው በ2ጂ፣ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ብዙ ኩባንያዎች ቀድመው እየዘጉ ያሉት 3ጂን ነው፤ 2ጂን አቆይተውታል። በ2ጂ ላይ የተንጠለጠለ ብዙ ነገር አለ። የመብራት ቆጣሪ፣ የመኪና መከታተያ፣ የባንክ ክፍያ ማሽን። 3ጂ የሚሠራውን ደግሞ 4ጂ አሻሽሎ ይሠራዋል። ስለዚህ ታናሹ ከታላቁ ቀድሞ ይሄዳል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2022 3ጂን ዘግተው ጨርሰዋል፤ እነሱ ግን 2ጂንም አልማሩም።

ከዚህ የምንማረው አለ። ያገለገለ ስማርት ስልክ በርካሽ ሲሸጥላችሁ 4ጂ ይይዛል ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ጥሪንም በ4ጂ ያደርጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዳታውን በ4ጂ እየወሰደ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ የሚወርድ ስልክ ብዙ ነው። ቴሌብር ደግሞ በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ስልክ ላይ ያለው ኤፍ ኤም ሬዲዮ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ላይ የኤርፎን ጃኩን አስቀረ። ሌሎቹ ሳቁበት፣ ከዚያ ተከተሉት። ስልክ ላይ ኤፍ ኤም ስትከፍቱ «ኤርፎን ሰኩ» የሚላችሁ የኤርፎኑ ገመድ አንቴና ስለሆነ ነው። የብሉቱዝ ኤርፎን ያንን አይሠራም። ጃኩ ሲቀር ሬዲዮውም አብሮ ቀረ። የደሴውን ኤፍ ኤም ያለ ዳታ በስልክ ማዳመጥ የሚቀር ነገር ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው «ሬዲዮው የት ሄደ?» ብሎ ይመጣል። የት ልጠግንለት? ከፋብሪካው የለም። ሄዶ የድንጋይ ሬዲዮ ይገዛል።

ወገል ጤና (ደላንታ)

የድንጋይ ሬዲዮ ካነሳህ አይቀር ስለ ድንጋዩ ልበል።

በእኛ ደጋ ኩራዝ ተሰናብቷል። ላምባው ሲወደድ፣ ሶላር አምፖሉ ሲረክስ፣ ያለ ማንም ቅስቀሳ ሄደ። ጥቀርሻውንም ይዞልን ሄደ። የባትሪ ድንጋይም እየተከተለው ነው። ድሮ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ዜና እስኪያልቅ ያደርሳል። አሁን ሬዲዮው ራሱ ሶላር አለው፣ ፍላሽ ይወስዳል፣ አምፖል አለው፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። አንድ ዕቃ አራቱን ተካ።

አጭር ሞገድ ግን ያሳስበኛል። አባቴ ማታ ማታ የውጭ ጣቢያ ሳይሰማ አይተኛም። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ አባቴ ከሬዲዮ ጋር ነው ያረጀው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጋቢት ላይ የአሜሪካ ድምፅ ሲቋረጥ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ገበያ ይዞት ወጣ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና «አባባ፣ ሬዲዮዎ ደህና ነው፣ የተበላሸው ዋሽንግተን ነው» አለው። እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ቦሩ (ወረኢሉ)

እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠፋውን፣ መጥፋትም ያለበትን ልንገራችሁ። ቪዥዋል ግዕዝ።

ቢሮ ያልሠራ ሰው አይገባውም፤ ላስረዳ። በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ስክሪኑ ላይ «ሀ» ስታዩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው «ሀ» አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው። ፎንቱ ከላይ የኛን ፊደል ያለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቱት ልብሱ ይወልቅና ጉዱ ይታያል። የፊደላችን ቦታ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስልካችሁ ላይ የምታነቡት አማርኛ ሁሉ በዚያ ነው የሚሠራው። ብዙ ቢሮ ግን ዛሬም ደብዳቤውን በድሮው ይጽፋል፣ ጸሐፊዋ እጇ የለመደው እሱን ስለሆነ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው በሱ ነው።

ውጤቱን ላሳያችሁ። ደብዳቤ እጽፋለሁ። ዞን በቴሌግራም ላኩልን ይላል። ፋይሉን ብልክ ስልካቸው ላይ የዶሮ ጭረት ይሆናል። ስለዚህ አትማለሁ። ኃላፊው ይፈርማል። ማህተም ይመታል። በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ። ፎቶውን በቴሌግራም እልካለሁ። እነሱ ፎቶውን አትመው ፋይል ውስጥ ይከታሉ። ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ ነው ይሄ! ከተቀበሉት ውስጥ አንድ መስመር ቢፈልጉ እንደገና ቁጭ ብለው ይተይቡታል።

ማሽኑም ያረጀ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የቆመ አለን። ዊንዶውስ 10 እንኳ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ድጋፍ አልቆበታል። ያ ማሽን የተነሳ ቀን የስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቅ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀየራችሁ በኋላ ግን በዓይን አንብቡ፤ «ኋ»ና «ኳ» ዓይነቶቹ ላይ መሳሳት ይወዳሉ። ለማመሳከሪያ ዋናውን በፒዲኤፍ አስቀሩት፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

ፋክስ ሞቷል። ቁጥሩ ግን የደብዳቤያችን ግርጌ ላይ አለ። ማሽኑ መጋዘን ነው።

ማህተም አይሞትም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ቁጥሩም 1072 ነው። ሕጉ ካለ ይሄን ያህል ጊዜ ሆኖታል። ባለጉዳዩ ግን ዛሬም «ክብ ማህተም የለውም» ተብሎ ከሩቅ ቀበሌ ይመለሳል። ጃፓኖችም ብሶባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ሚኒስትር ተነስቶ ማህተሙ ከየቢሮው እንዲቀር ጠየቀ። በኛ ቢሮ ያንን የሚሞክር ሰው ማመልከቻውን መጀመሪያ በማህተም ማስደገፍ ይኖርበታል።

ሸዋበር (ደሴ)

«ማመልከቻውን በማህተም ማስደገፍ» ገደለኝ። እትዬ፣ እርስዎ ቢሮ ጉዳይ ባይኖረኝ ነው የምመርጠው።

ቦሩ (ወረኢሉ)

ና ልጄ፣ ለአንተ ሁለት ጊዜ እመታልሃለሁ።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

እኔ ሹፌር ነኝ። ማንም ስለ ነዳጅ አላነሳም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ አዲስ የሚገባው ባለ ኤሌክትሪክ ነው። ደሴ ላይም ማየት ጀምረናል። መጀመሪያ «ይሄ የአዲስ አበባ አስፋልት መኪና የሐረጎን አቀበት ይወጣል?» ብለን ሳቅን። ወጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር ያላነሰ ሽቅብ። ሽቅቡን የኤሌክትሪኩ ሞተር ከኛው ይሻላል። ማርሽ መቀያየር የለ፣ ማልቀስ የለ።

የገረመኝ ቁልቁለቱ ነው። እኛ ከደሴ ስንወርድ ፍሬን ይግላል፣ ሸራው ይሸታል፣ በከባድ ማርሽ ይዘን ነው የምንወርደው። እሱ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ እየያዘም ባትሪውን ይሞላል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ቻርጁ ጨምሮ አየሁት። በነዳጅ ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ የጨመረለት ሹፌር ካለ ይንገረኝ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከል የት ይሞላል? ቢበላሽ ማን ይከፍተዋል? የኛ ሰፈር ሜካኒክ ካርቦሬተር በጆሮው ያዳምጣል፣ ይሄኛው ግን ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ጦሳ ሥር ያልከው ጠጋኝ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሚኒባሴ ከኔ ጋር ጡረታ ትወጣለች እንጂ ቀድማኝ አትሄድም።

ባቡሩንም አንርሳው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተዘርግቷል ተብሎ ስንት ዓመት ሆነው። ሳይጀምር እንዳያረጅ ነው የምፈራው።

ጉርድ ፎቶ (ሐይቅ)

ፎቶ ቤት ነው ያለኝ፤ ስሜም ከዚያ ነው። እንጀራዬ አራት ጉርድ ፎቶ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለባንክ። ለፋይዳ ምዝገባ ፎቶውን፣ የጣት አሻራውንና የዓይን ምስሉን እዚያው ማሽኑ ላይ ነው የሚወስዱት። ባንክም ቁጥሩን ይጠይቃል እንጂ ፎቶ አምጣ አይልም።

የቀረኝ ሠርግና የድሮ ፎቶ ማደስ ነው። የድሮ ፎቶ ሥራ ደግሞ ጨምሯል። የተሰነጠቀ ጥቁርና ነጭ ይዘው ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ የሞቱባቸው ሰዎች ፎቶ ነው። የሠርግ ቪዲዮ በቪኤችኤስ፣ በድሮው የቪዲዮ ካሴት፣ ይዘው የሚመጡም አሉ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማሽን ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። ባለችኝ አንዷ ማሽን ነው የምገለብጠው። ሠርጋችሁ በቪኤችኤስ ያለ ሁሉ አትቆዩ። ልጆቻችሁ ካላዩት እናንተ ያን ጊዜ ቀጭን እንደነበራችሁ ማን ያምናችኋል?

የጀማ ደረሳ (ወረባቦ)

ልጆቼ፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። የምናገረውን ይጽፋል።

ካሴት ያለችው የጅዳዋ ልጄ፣ አላህ በሰላም ያግባሽ። እኔ ቤት ካሴት በከረጢት ነው ያለው። መንዙማ ነው። የጀማ ንጉሥ መንዙማ፣ የሀድራ ሌሊቶች፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ። ገበያ የወጣውን አይደለም የምለው። የሸኽ መሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ በስልክም ይገኛል፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ የምለው በየቤቱ፣ ከድቤው አጠገብ ቴፕ ተቀምጦ የተቀዳውን ነው። ከሰውም ከገበያም ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

ቴፔ ቆሟል። ሞተሩ ይዞራል፣ ካሴቱ አይዞርም። አንዱን በግድ ሞክሬ ክሩን በላው። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። ምን ይሻላል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አባባ፣ እንኳን አልነኩ። ሞተሩ እየዞረ ካሴቱ ካልዞረ ቺንጋው ነው። ጎማ ነው፣ ሲያረጅ ይላላል ወይ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ቺንጋ አለኝ፤ ከሞቱ ቴፖች የሰበሰብኩት። ይሄ የሚድን በሽታ ነው።

አንቱም ሌሎቻችሁም ቤት ካሴት ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ካሴቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ክሩን እዩ። ነጭ ነጭ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት፣ ለብቻ አስቀምጡት። ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ማንም በስህተት እንዳይቀዳበት። ፀሐይና ማግኔት ያለበት ቦታ፣ ስፒከር ላይም፣ አታስቀምጡ። ክሩን የሚጫነው ትንሹ ስፖንጅ ወልቆ ከሆነ ድምፁ ይርቃል፤ ባለ ብሎን ካሴት ከሆነ ክሩን ነቅሎ ወደ ሌላ ካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል። ብሎን የሌለው፣ ተጣብቆ የተዘጋውም ይከፈታል፣ ግን እኔ ጋ አምጡት።

ቅጂው ራሱ ቀላል ነው። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ እጠርጋለሁ። ከኤርፎን ቀዳዳው በገመድ ወደ ኮምፒዩተር እወስዳለሁ። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ በሱ እቀዳለሁ። አቋራጭ የለውም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ሳይታመቅ በዌቭ ነው የማስቀምጠው፣ ከዚያ ለስልክ የሚሆን ኤምፒ3 አወጣለታለሁ። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ክሩ ላይ ያለው ማጣበቂያ ለዘላለም ተብሎ አልተሠራም። እርጥበት ያለበት ቤት ከሆነ ፈጠን በሉ።

የጀማ ደረሳ (ወረባቦ)

አላህ ይስጥህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቅዳው እንጂ ቲክቶክ ላይ አታውጣው። የሀድራ ነው። የሴቶችም ድምፅ አለበት፣ ባለቤቶቹ አልፈቀዱም። ካሴት እኮ ከቤት አይወጣም ነበር።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ልክ ነዎት አባባ። ገልብጬ እሰጥዎታለሁ፣ ከኮምፒዩተሬም አንቱ ፊት አጠፋዋለሁ። ማን እንደሚሰማው አንቱ ይወስናሉ።

ከጅዳ (ጅዳ)

ጦሳ ሥር፣ የአክስቴን ካሴት ወንድሜ ከቢስቲማ በሚኒባስ ቢልክልህስ? ሂሳቡን ከዚህ እልካለሁ። እናቴ እንድትሰማው ባለ ቁልፏ ላይ ይጫናል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሚሞሪ ከወሰደች ይጫናል፣ በኤምፒ3። በጨርቅ ጠቅልሎ በላስቲክ ይላከው፣ ስሙንም ይጻፍበት። ሹፌሩ ፊት ለፊት ስፒከሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው አደራ በሉት።

ሸዋበር (ደሴ)

እንግዲህ ሚሞሪ አልቋል ያልኩትን ማንም እንዳያነሳብኝ። መብራት ከጠፋብህ ላፕቶፕ አለኝ፣ ባትሪው ደህና ነው። ቴፑን በድንጋይ ታስነሳዋለህ።

የወልድያው (ወልድያ)

አንድ ጥያቄ። ፍላሽ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ፍላሹ ቢበላሽስ? የኔ ፍላሽ ያለ ምክንያት ባዶ ሆኖ ያውቃል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ይሆናል። ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ የያዘውን ሊለቅ ይችላል። አልፎ አልፎ እየከፈቱ ማየት፣ በየጥቂት ዓመቱም ወደ አዲስ መገልበጥ ነው። አባባ፣ ሁለት ፍላሽ ይዘው ይምጡ፤ አንዱ አንቱ ጋ፣ አንዱ ልጅዎ ጋ ይቀመጥ። ካሴቱንም አይጣሉት።